ስምንት ወንበር፣ ዘጠኝ ሰው

በሥራ ቦታ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁላችንም ቡሎን ነው የምንለው። አጭርና ጠንካራ ስለሆነ ይሁን አንዴ የያዘውን ስለማይለቅ፣ መጀመሪያ ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም። ሊፍት ጠጋኝ ነው። እኔም እንደዚያው። አሥራ አራት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እሱ ከሊፍቱ ሳጥን ጣሪያ ላይ ቆሞ ገመዱንና ሐዲዱን ያያል፣ እኔ ከላይ ከሞተሩ ክፍል ሆኜ በሬዲዮ የሚለኝን እየሰማሁ ሳጥኑን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ሁለት ሰዎችን ወይ ያጣላል ወይ ያዛምዳል፤ እኛን አዛምዶናል። ከዚህ በታች ያለውን አብዛኛውን አጠገቡ ሆኜ አይቻለሁ፣ የቀረውን ራሱ ነግሮኛል። እንድጽፈውም ፈቅዶልኛል፤ «ስማችንን ብቻ አታንሳ» ብሎ።

ቡሎን ክፉ ሰው አይደለም። መሣሪያውን ያውሳል፣ የታመመ ባልደረባ ፈረቃ ይሸፍናል፣ ከሱ በኋላ የተቀጠረ ሰው አለቃ ሆኖበት እንኳን «ይገባዋል» ነው ያለው። የሚቀናው በአንድ ሰው ብቻ ነው፤ በታናሽ እህቱ።

እህቱ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። ቀጠሮ ትይዛለች፣ ጉንጩን ደግፎ የመጣውን ሰው ታረጋጋለች፣ ወረፋው ሲረዝም የሚነጫነጨውን ዝም ብላ ትሰማለች። በአምስት ዓመት ታንሰዋለች። እናታቸው ከሷ ጋር ነው የሚኖሩት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባል የለ፣ እሱ ሳምንት ሙሉ ጉልበቱን እየላጠ የለመደውን ብስክሌት እሷ በአንድ ከሰዓት በኋላ ነዳችው። እሱ የወደቀበትን ፈተና ከአምስት ዓመት በኋላ እሷ በዚያው ክፍል፣ በዚያው መምህር፣ አልፋ መጣች። እናታቸው አንድም ቀን አወዳድረዋቸው አያውቁም። «እሷን ተዋት፣ እሷ ፈጣን ናት» ብቻ ይሉታል፤ ለማጽናናት ብለው። ይቺ ማጽናኛ አርባ ዓመት ሙሉ ሆዱ ውስጥ ተቀምጣለች።

የሊፍት ሥራ መጠበቅ ይበዛዋል። ዕቃ እስኪመጣ፣ ጥበቃው ቁልፍ እስኪያመጣ፣ ነዋሪው ተቆጥቶ እስኪበርድለት ይጠበቃል። ቡሎን በዚህ መሃል በስልኩ ፖከር ለመደ። የሚጫወተው መግቢያ የማይከፈልበትን ውድድር ብቻ ነው። እኔ ካርታ ስለማልወድ አልተጫወትኩም፤ ግን ተረኛ ሆነን ምድር ቤቱ ክፍል ውስጥ በተቀመጥን ቁጥር ያስረዳኝ ስለነበር ሳልፈልግ አወቅሁት።

«ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደፍኖ ይሰጠዋል» ይለኛል። «ያቺን ካንተ በቀር ማንም አያያትም። ከዚያ መሃል ላይ አምስት ካርታ ለሁሉም ይገለጣል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ ቀጥሎ ደግሞ አንድ። ካንተ ሁለትና ከመሃሉ አምስት፣ ከሰባቱ ምርጥ አምስት ያቀናጀ ይበላል። ጥንድ ካንድ ነጠላ ይበልጣል፣ ሦስት ተመሳሳይ ከሁለት ጥንድ ይበልጣል፣ እያለ ይሄዳል።»

«እና ሁሉም እስከ መጨረሻው ይጠብቃል?»

«የምን መጠበቅ! በየመሃሉ ተራ ይደርስሃል። ማንም ካልመደበ ታልፋለህ። ከመደበ ወይ እኩል አድርገህ ትቀጥላለህ፣ ወይ ትጨምርበታለህ፣ ወይ ካርታህን ትጥላለህ። ዋናው መጣሉ ነው። ካሥር እጅ፣ ካሥር ዙር ማለቴ ነው፣ ሰባት ስምንቱን የማይጥል ሰው ፖከር አይችልም።»

ይህን የሚለኝ እሱ ራሱ መጣል የማይሆንለት ሰው ነው። ጥሩ መስላ የታየችውን ካርታ እስከ መቃብር ይከተላታል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ስለው «አንተ ዝም በል፣ ወደ ሬዲዮህ» ይለኛል።

ውድድር ሲሆን ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። ሁሉም እኩል ቺፕ፣ ማለትም የመመደቢያ ጠጠር፣ ይዞ ይጀምራል። ቺፑ ገንዘብ አይደለም፣ ዕድሜ ነው፤ ካለቀ ወጣህ። በየእጁ ሁለት ሰዎች ካርታቸውን ሳያዩ የግዴታ መደብ ያስቀምጣሉ፣ አንዱ ትንሹን አንዱ ትልቁን፣ ተራውም እየዞረ ሁሉንም ያዳርሳል። ይህ የግዴታ መደብ በየስምንት ደቂቃው ስለሚያድግ ማንም እጁን አጣጥፎ ለዘላለም መቀመጥ አይችልም። ሰው በወጣ ቁጥር ኮምፒዩተሩ የቀሩትን እያሰባሰበ ጠረጴዛዎቹን ያጥፋቸዋል፣ በመጨረሻ አንድ ጠረጴዛ ይቀራል። ተራው ደርሶ በተሰጠው ሰከንድ ውስጥ ያልነካ ሰው ካርታውን ማሽኑ ራሱ ይጥልለታል። ቡሎን በሁለት ዓመት ውስጥ የደረሰበት ትልቁ ደረጃ ከሁለት ሺህ ሰው አርባ አንደኛ ነበር። ለኔ፣ ለጥበቃዎቹ፣ አንዴም ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መሃል ለተያዘ ጠበቃ በበሩ ስንጥቅ ይህን ነግሯል።

አንድ እሁድ ምሳ በልተው እህቱ «ጋሼ፣ ስልክህ ውስጥ ምን አለ እንዲህ ያፈጠጥክበት?» አለችው። አስተማራት። ደስ ብሎት ነው ያስተማራት፤ እሷ የማታውቀውን አንድ ነገር ሲያውቅ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ካርታ ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ ስህተቷን እያረመ ሦስት ሰዓት ተቀመጠ። በማግስቱ ሲነግረኝ «ቀስ ብሎ ነው የሚገባት» አለኝ፤ ፊቱ ያበራ ነበር።

የመጫወቻ ስሟን «ቀጠሮ» አለችው። የሱ «ዘጠነኛ ፎቅ» ነው። በአራተኛው ወር ቀጠሮ ከሺህ አምስት መቶ ሰው ሦስተኛ ወጣች።

መጀመሪያ የደወለችው ለሱ ነው። ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ስለነበር ሰማሁ። «ጋሼ፣ ሦስተኛ! ያንተ ትምህርት ነው እኮ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ። ስልኩን ዘግቶ ወደ በሩ ሥራ ተመለሰና የሚያጠብቀውን ብሎን አንገቱን ቆረጠው። በአሥራ አራት ዓመት እሱ ብሎን ሲቆርጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የጠዋት ጸሎቱ የእህቱን ደረጃ ማየት ሆነ። የሥራ ልብሱን ሳይለብስ ስልኩን ይከፍታል። «ትናንት ስድስት መቶኛ ላይ ወደቀች» ካለኝ ያን ቀን ዳቦውን ጨርሶ ከኔም ይቆርሳል። አሥር ውስጥ ከገባች ሻዩ እፊቱ ይቀዘቅዛል።

«ዕድል ነው» ይለኛል። «ካርታ እየመጣላት ነው።»

«አራት ወር ሙሉ?»

«አንተ ምን ታውቃለህ?»

አላውቅም፤ ግን አንዴ ከክሊኒኩ ልንወስዳት ሄደን ስትሠራ አይቻታለሁ። ሰው ይጮኽባታል፣ ትጠብቃለች። ሰው ያስቸኩላታል፣ ትጠብቃለች። ካርታውንም እንደዚያው የምትጥል መሰለኝ። እናታቸው ነገሩን ሲሰሙ «አስተማሪዋ አንተ አይደለህ? ጎበዝ መምህር ነህ» አሉት። «ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» አለኝ ቡሎን፤ «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ።»

በዚህ መሃል ያ ውድድር መጣ። እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የሚጀመር፣ መግቢያ የሌለው፣ ስድስት መቶ አርባ ሰው የሚገባበት ነው። ሽልማቱ ወንበር ነበር። በሌላ ከተማ፣ ባሕር ዳርቻ ባለ ሆቴል፣ ሰው ከሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጫወትበት ትልቅ ውድድር ላይ ስምንት ወንበር፤ ጉዞውና ማደሪያው ተችሎ። አንደኛ የወጣውም ስምንተኛ የወጣውም የሚያገኘው አንድ ዓይነት ወንበር ነው። ዘጠነኛው ምንም አያገኝም።

ቡሎን ለእህቱ አልነገራትም። ሁለት ሳምንት ደበቃት። «ለምን?» ብዬ ስጠይቀው እንደ ማፈር ብሎ፣ «አንዴ እንኳን እሷ ያልሄደችበት ቦታ መሄድ እፈልጋለሁ» አለኝ። ሌላ ምክንያት አልሰጠኝም፣ ከዚህ የበለጠም አልነበረውም።

ሐሙስ ዕለት ደወለችለት። «ጋሼ፣ የእሁዱን ሰምተሃል? እንዳያመልጥህ ብዬ ነው፤ ምዝገባው ሊሞላ ነው።»

«አዎ… ዛሬ ነው የሰማሁት» አለ። ጆሮው ቀላ።

«እኔም ተመዝግቤያለሁ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ብንገናኝ እንዳንደዋወል፣ መለያችንን ይዘጉብናል። አንተዛዘንም፣ እሺ?»

«ማን ሊያዝንልሽ?» አላት። ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

እሁድ ተረኞች ነበርን። ክፍሉ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና የመሣሪያ ሣጥን ያለው ነው። ቡሎን ስልኩን ከቻርጀር ጋር ሰክቶ ተቀመጠ፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ሺህ ቺፕ ታደለ። ያን ቀን እውነትም በደንብ ተጫወተ። ይጥላል፣ ይጠብቃል፣ ጥሩ እጅ ሲመጣለት ደግሞ ያስከፍላል። ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ መቶ ሰው ቀረ፣ ከአሥራ አንድ በኋላ አሥራ አራት። በየእጁ መሃል ጣቱ ወደ ስም ዝርዝሩ ትሄዳለች። ቀጠሮ እዚያው ናት። ከላይ።

አሥራ አራት ሰው እንደቀረ የተረኛ ስልክ ጮኸ። አንድ አዛውንት ሁለት ጎዳና አልፎ ካለው ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ተይዘዋል። ቡሎን ስልኩን አየ፣ እኔን አየ። «ብቻህን…» አለና ተወው። ይህ ለሁለት ሰው የሚሰጥ ሥራ ነው፤ እሱም ያውቃል። ስልኩን ኪሱ ከቶ ሮጥን። አዛውንቱን በሩን ከፍተን አወጣናቸው፣ ውሃ አጠጣናቸው፣ ስለ ልባቸው ሕመም እስኪጨርሱ ሰማናቸው፣ ደረጃው ላይ ተሰናበትናቸው። ሃያ ደቂቃ ሆኗል። ቡሎን ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

አልወጣም። ማሽኑ ካርታውን ሁሉ ሲጥልለት ቆይቶ፣ በዚያ መሃል አምስት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተበላልተው ወጥተዋል። ዘጠኝ ቀርተዋል፤ ወንበሩ ስምንት ነው። ቡሎን ሁለት መቶ ዘጠና ሺህ ቺፕ ይዞ ሦስተኛ ነበር። ከታች ያሉት ሁለቱ ሃያ ሺህና ሃያ ስድስት ሺህ ነው የቀራቸው። ትልቁ የግዴታ መደብ አሥራ ስድስት ሺህ ስለደረሰ ከሁለቱ አንዱ ጥቂት እጅ እንኳን አይቆይም።

«በቃ፣ ገብተሃል» አልኩት። «ስልኩን መልሰህ ኪስህ ክተተው።»

«አዎ» አለኝ። «አሁን ሞኝ ብቻ ነው የሚጫወት። ትልቁ ካርታ፣ ሁለት አስ ቢመጣልኝም እጥላለሁ። አንዱ እስኪወጣ መቀመጥ ነው።» ይህን ከዚያ በፊትም ብሎኛል፤ ለእህቱም ያን የምሳ ቀን ካርታውን ዘርግቶ በዚህ ቃል አስተምሯታል።

ግን ስልኩን ኪሱ አልከተተውም። የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ የዘጠኙም ስም በክብ ተደርድሯል። ከሱ በስተቀኝ «ቀጠሮ» ተቀምጣለች፤ ስድስት መቶ አሥር ሺህ። የሱን ከእጥፍ በላይ። ቁጥሯን አየ፣ የራሱን አየ፣ እንደገና ቁጥሯን አየ።

«አንደኛ ሆና ልትገባ ነው» አለ።

«ብትሆንስ? አንደኛውም ስምንተኛውም አንድ ነው አላልከኝም?»

«ለእማ ግን አንድ አይደለም። 'አንደኛ ወጣሁ' ትላታለች። እኔ ምን እላለሁ? 'እኔም ነበርኩ'?»

በቀጣዩ እጅ ትንሹ የግዴታ መደብ የሷ፣ ትልቁ የሱ ሆነ። ሌሎቹ ሰባቱ ተራ በተራ ጣሉ፤ ሁሉም ፈርቶ የታችኞቹን መውጣት ነው የሚጠብቀው። ተራው እሷ ጋ ደረሰ። ትንሽ ቆየችና ያላትን ሁሉ ገፋች። ስድስት መቶ አሥር ሺህ።

ቡሎን ካርታውን አየ። ሁለት ንጉሥ። ከሁለት አስ በቀር የሚበልጠው የለም።

«ጣል» አልኩት።

«ምንም የላትም» አለኝ። «ባዶዋን ነው። ሁላችንም እንደምንጥል ስለምታውቅ ልታስፈራራኝ ነው። እኔን።»

«ይሁና። ጣልና ግባ።»

ሰከንዱ እየቆጠረ ነው። ስምንት፣ ሰባት። ብታሸንፍ ምን ታገኛለህ ብዬ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። በስድስተኛው ላይ ጣቱ ወረደች፤ ያለውን በሙሉ አስገባ።

ሁለቱም ካርታ ተገለጠ። እሷ አስና አራት ነበራት። ከመቶ ሰባው የሱ ነው፤ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች መሃል አንዷ አስ ሆነች፤ የአስ ጥንድ ከንጉሥ ጥንድ ይበልጣል። አራተኛዋ ሰባት፣ አምስተኛዋ ሦስት። ንጉሥ አልመጣም።

«ዘጠነኛ ወጥተዋል። ስለተሳተፉ እናመሰግናለን» አለ ስልኩ።

ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ሃያ ሺህ የቀረው ሰው ወጣ፤ ግን ወንበሩ በዚያን ጊዜ ታድሏል። ያ ሰው ስምንተኛ ሆኖ ወንበሩን ወስዷል።

ደወለች። ላያነሣው ፈልጎ ነበር፣ ግን አነሣ።

«ጋሼ፣ ለምን አልጣልክም?» ልታለቅስ ደርሳ ነበር። «ከሁሉም በላይ አንተ ትጥላለህ ብዬ እኮ ነው የገፋሁት። 'በዚህ ሰዓት ሁለት አስ ቢመጣልሽም ጣዪ' አላልከኝም? ሌላ ሰው ከጎኔ ቢሆን አልገፋም ነበር።»

ቡሎን ግድግዳውን አየ። «ጣቴ ተሳስቶ ነው» አላት። «መጣል ብዬ ሌላውን ነካሁት።»

«ስልክህ ትንሽ ስለሆነ ነው» አለች። «ውይ ወንድሜን።»

ስልኩን ሲዘጋ ፊቴን አላየም። ጎበዝ መባል ቢቀርበትም፣ ቀናተኛ ከሚባል ጣቱ የማይታዘዝለት ሰው መባልን መረጠ። በሳምንቱ እናታቸው ለጎረቤቱ ሁሉ «ጣቱ ተሳስቶበት እንጂ አብሮ ይሄድ ነበር» እያሉ አወሩለት። ወንበሩን ለሌላ ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ እህቱ ለአዘጋጆቹ ጽፋ ጠይቃ ኖሯል፤ አይቻልም አሏት። ያንንም ነገረችው። «ልትሰጠኝ ፈልጋ!» አለኝ ቡሎን፤ ጥርሱን ነክሶ። «እሷ አሸንፋ፣ እኔ ልመጸወት።»

በወሩ እህቱ ሄደች። አራት ቀን እናታቸውን እሱ እንዲጠብቅ ተስማሙ። ይህን የቀረውን በቦታው አልነበርኩም፤ እሱ ነው የነገረኝ።

በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከእናቱ ጋር ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁለት መቶ አሥር ተጫዋች አለ፤ በየእረፍቱ የእያንዳንዱ ቺፕ በድረ ገጹ ይለጠፋል። እናቱ መነጽራቸውን አድርገው አሁንም አሁንም «ስንተኛ ናት?» ይሉታል። በሦስተኛው እረፍት ላይ ራሷ ደወለች።

«ጋሼ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አለኝ። አሥራ ስምንት ሺህ ነው የቀረኝ፣ ትልቁ መደብ ሁለት ሺህ ገብቷል። እንደ ያን ጊዜው ዝም ብዬ እየጠበቅሁ ነው፣ ግን እየቀለጠብኝ ነው። ምን ላድርግ? ልጠብቅ?»

ቡሎን መልሱን ያውቀዋል። ያኛው ውድድር ስምንቱም እኩል የሚያገኙበት ስለነበር መጠበቅ ያዋጣል። ይኼ ግን ላይ ለወጣ ብዙ፣ መሃል ለቀረ ምንም የሌለው ነው። የትልቁን መደብ ዘጠኝ እጥፍ ብቻ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ቁጭ ብሎ ያልቃል። ደህና እጅ ስታገኝ ሁሉንም መግፋት አለባት። «ጠብቂ» ቢላት ደግሞ ትሰማዋለች፤ መምህሯ ነው።

«ጠ…» ብሎ እንደጀመረ ነገረኝ። እናቱ አጠገቡ ናቸው።

«ጋሼ? ይሰማሃል?»

«መጠበቅ ይብቃ» አላት። «ከእንግዲህ ጥንድ ወይ አስ ባገኘሽ ጊዜ ያለሽን ሁሉ ግፊ። ብትወጪም ትወጪያለሽ።»

«እሺ ጋሼ።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደወለች። ሁለት አሥር አግኝታ ገፍታለች፤ አንዱ ሁለት ንግሥት ይዞ ጠበቃት። ዘጠና አራተኛ ወጣች። «እንዳልከኝ አደረግሁ» አለችው። «ትክክል ነበርክ፤ ካርታው ነው እምቢ ያለኝ።»

ሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ ተቀምጠን ዳቦ ስንበላ ነው ይህን የነገረኝ።

«ታዲያ ደህና አደረግህ» አልኩት። «ልታሳስታት ስትችል እውነቱን ነገርካት።»

«እውነቱንማ ነገርኳት። የሚያውቅ ሰው ብትጠይቅ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚላት።»

«እና ምን ሆነህ ነው ፊትህ የጠቆረው?»

ዳቦውን መልሶ ጠቀለለው። «ስልኩን ለእማ ሰጥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።»

«አለቀስክ?»

«ባለቅስ ምን ነበረበት። መስተዋቱን ሳየው በሳቅ ጥርሴ ሁሉ ይታያል። ፊቴን ውሃ ረጨሁት፣ በእጄ ያዝኩት፣ አልሰበሰብ አለኝ። እማ መጥታ በሩን አንኳኳች። 'አይዞህ የኔ ልጅ፣ እሷም አላዘነችም፣ አንተ ይህን ያህል አትጎዳ' አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ምን እላታለሁ? ቧንቧውን ከፍቼ እስኪያልፍልኝ ቆየሁ።»